የቁርስ ብራችን ቁስቋም ላይ ቤት ሆነ

የ2017 ሁዳዴን መጨረሻ ያሳለፍኩት ጎንደር ነው። ወዳጆቼ «ጻፊው እንጂ» እያሉ ሲወተውቱኝ ከርመዋል። ለከርሞ እንዲህ ያለ ጉዞ ለማድረግ ያሰቡ የሌላ ደብር ልጆችም አሠራሩንና ሒሳቡን ጠይቀውኛል። ክረምቱ ሳይወጣ ልጻፈው።

ነገሩ የሚጀምረው ከፖስታ ነው። በእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ጾሙ ሲገባ ለእያንዳንዱ አባል ባዶ ፖስታ ይታደላል፤ ጠዋት ሳይበላ ያለፈውን የቁርሱን ብር እዚያ ውስጥ ይከታል። ጾም ከጸሎትና ከምጽዋት ጋር ካልሆነ ምግብ መተው ብቻ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ደመወዝተኛው መቶም ሁለት መቶም ይከታል፣ ተማሪው አሥር ብር። በደብረ ዘይት፣ 55ቱ ቀን ሲጋመስ፣ ፖስታዎቹ ተሰብስበው ይከፈታሉ። እኔ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ቆጠራውም ግዢውም በእኔ ላይ ይወድቃል። አራት ቦታ የታጠፈ አሥር ብር እየዘረጋሁ ስቆጥር፣ ይህ የማን ቁርስ ነበር ማለቴ አይቀርም። ያ ሐሳብ ጎንደር ድረስ አብሮኝ ሄዷል፤ ቆርቆሮ ስገዛም፣ ሚስማር ስቆጥርም፣ የቀን ሠራተኛ ስከፍልም።

ጎንደርን የመረጥነው እኛ አይደለንም። እዚያ ያለ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው የጠራን። ከተማዋ ከባድ ዓመታት ላይ ናት። በ2016 ዓ.ም በጃን አሞራ፣ በበየዳና በጠለምት ዝናቡ ቀርቶ ከዚያ የወረደ ሰው አለ፤ በጸጥታው ምክንያት ከየቀዬው የተነሣም አለ። የጤፍና የዘይት ዋጋ ደግሞ ነባሩንም ኗሪ አጉብጦታል። የጎንደር ልጆች የላኩልን ደብዳቤ ልመና አልነበረበትም። ሦስት ቤት አለ፣ ክረምቱን አይሻገርም፤ ጣሪያ የሚችል ገንዘብ ካላችሁና ጭቃ የሚረግጥ እግር ካላችሁ ከሆሳዕና በፊት ድረሱ ይላል። ከሥሩ የሰማንያ ቤተሰብ የምግብ ፍላጎት ተዘርዝሯል።

የመንገዱ ነገር ስለሚያሳስብ በአውሮፕላን ነው የሄድነው። አዘዞ ስንወርድ ሻንጣችን ውስጥ የሥራ ልብስ፣ ጓንትና ነጠላ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ዘመድ አዝማድ በማዳበሪያ የሞላ ልብስና ጫማ አምጥቶ ነበር፤ አዲስ አበባው ሰበካ ጉባኤ ግቢ ለሚገኙ ተረጂዎች ተውነው። ይህን አጥብቄ የምናገረው ነው፦ ለሩቅ አገር ሰው ዕቃ ተሸክማችሁ አትሂዱ። የጎንደር ነጋዴ ቆርቆሮ አለው፣ የደምቢያ ገበሬ ጤፍ አለው፣ የጎንደር አናጺ መዶሻ ይዞ ሥራ ይጠብቃል። ብሩን እዚያው ሲያወጡት ለአንድ ቤት ጣሪያ፣ ለሌላው ደግሞ የሳምንት ደመወዝ ይሆናል።

ለመጀመሪያው የሥራ ቀን የቀጠርነው ሰኞ መጋቢት 29፣ የባለወልድ በዓል ሆነ። አናጺው መዶሻ አላነሣም፣ እኛም አላልነውም። ቁስቋም ወጥተን አስቀደስንና ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ፍራሽ አየን። የአፄ በካፋ ባለቤት፣ የዳግማዊ ኢያሱ እናት፣ ባሏ ካረፈ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑንም ቤተ መንግሥቱንም ያሠራችው እዚህ ኮረብታ ላይ ነው። አብራን የወጣች የጎንደር ልጅ የሱዳኑ ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም ገብቶ ያቃጠላቸውን አድባራት እየጠራች በጣቷ ወደ ታች ስታሳየን፣ ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ነበር፤ የፋሲል ግንብ፣ ራቅ ብሎ ከጥፋቱ የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ። የተቃጠለውን ደብር መልሶ ያቆመው የየሠፈሩ ሰው ነው። ጎንደር የፈረሰ ቤት ማንሣት ዛሬ አልጀመረችም፣ የመጣነውም ልናስተምራት አልነበረም።

ሁለቱ ቤቶች እድሳት ነበሩ፤ ጣሪያ መቀየር፣ የዘመመ ግድግዳ ማቃናት፣ በር መግጠም። በፍጥነት አለቁ። ሦስተኛው ከመሠረቱ የሚሠራ ነው፤ ስለ እሱ ነው በሰፊው መጻፍ የምፈልገው።

ባለቤቷ መነኵሲት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉ፤ ከዚያ በፊት ጠላ ጠምቀው እየሸጡ ነው ልጆች ያሳደጉት። አሁን የሚኖሩት ስምንተኛ ክፍል ከምትማር የልጅ ልጃቸው ጋር ነው። አሮጌው ቤት በአንድ ወገን በግንድ ተደግፎ ቆሟል። አናጺው ምሰሶውን በጣቱ ሲጫነው ጣቱ እስከ አንጓው ገባ፤ ምስጥ ውስጡን በልቶ ቅርፊቱን ብቻ ትቶታል። «ይኼን ያቆመው የእማሆይ ጸሎት ነው እንጂ እንጨቱማ የለም» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

ከመቆፈሩ በፊት የጎንደር ልጆች አንድ ነገር አስገደዱን፤ ንድፉን ለእማሆይ ማስረዳት። ከእኛ ጋር የመጣ የምህንድስና ተማሪ አራት በአምስት የሆነ አንድ ክፍል፣ በሩና መስኮቱ ወደ መንገዱ የዞረ ቤት ነድፏል። ወረቀቱን ትቶ መሬቱ ላይ በአመድ አሰመረላቸው። እማሆይ መስመሩን እየተከተሉ ዞሩት፣ መሐል ላይ ቆሙና፦

«በሩ የታለ?»

«እዚህ ነው እማሆይ፣ ወደ መንገዱ።»

«ወደ መንገድ ምን አለኝ ልጄ? ወደ ቁስቋም አዙርልኝ። እግሬ እንቢ ያለኝ ቀን ከአልጋዬ ሆኜ እሳለማለሁ። ምጣዴስ የት ሊቆም ነው?»

«ውጭ ማብሰያ…»

«በክረምት? እሷ ልጅ በዝናብ ልትጋግር ነው? ጓዳ አውጣልኝ። ጠባብ ትሁን፣ ግን ትኑር። እዚህ ጋ ደግሞ መደብ ትሠራልኛለህ፤ እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?»

ልጁ አመዱን በእግሩ አጥፍቶ እንደ አዲስ አሰመረ። በሩ ዞረ፣ ጓዳ ወጣ፣ መደቡ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ የሚሠራ ሆነ። ለጓዳው ግድግዳ ተጨማሪ አጣናና ማገር ያስፈልጋል፤ አናጺው ወደ እኔ አየ፣ እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት። በዚህ ጉዞ ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ ያለ ማመንታት ያወጣሁት ይሄንን ነው። እኛ በሳምንታት ውስጥ ወደ ቤታችን የምንመለስ ነን። እማሆይ ግን እዚያ ሊጋግሩ፣ እዚያ ሊታመሙ፣ እዚያ ሊጸልዩ ነው። ነፃ የተሰጠ ቤት ስለሆነ ዝም ብለው ይኑሩበት የሚል አስተሳሰብ በብዙ በጎ አድራጎት ሥራ ላይ አይቻለሁ፤ አልወደውም። የሚሰጠው ሰው እንጂ የሚቀበለው ሰው አይመርጥም ያለው ማን ነው?

አናጺው ምሰሶዎቹ መሬት የሚገቡበትን ጫፍ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀባ፤ ምስጥ እንዳይደፍረው ነው። ጉድጓዱን ዙሪያውን በድንጋይ ጠቀጠቀ። ቆርቆሮ ስንገዛ ሱቁ ውስጥ የተደረደረው ባለ 32 ጌጅ ነበር፣ ዋጋውም ይቀላል። እሱ ግን ባለ 28ቱን ካልሆነ አልመታም አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል። የቁስቋም ነፋስ ስሱን ቆርቆሮ ሲገነጥል አይቶታል፣ በረዶም ይወርዳል። አሥር ዓመት የሚቆይ ነገር በሦስት ዓመት በሚያልቅ ዋጋ አይገዛም አለኝ። ልዩነቱን ከፈልኩ፣ ደረሰኙንም ለብቻው አስቀመጥኩ፤ የፖስታው ልጆች ለምን እንደሆነ እንዲያውቁ።

አይሱዙው አስፋልቱ ላይ አራግፎ ተመለሰ። ከዚያ ወደ ላይ በትከሻ ነው። አጣናውን ወንዶቹ፣ ሞራሌውን ሁለት ሁለት ሆነን ሴቶቹ ተሸከምን። የሠፈሩ ልጆች ሚስማርና ልጥ ይዘው ከኋላችን ይመጣሉ። ጦመኞች ነን፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም የለም። ስምንት ሰዓት ላይ ጉልበት የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ያኔ ነው እማሆይ ጥላ ሥር ተቀምጠው ውዳሴ ማርያማቸውን ጮክ ብለው የሚያደርሱት፤ ለእኛ ብለው እንደሆነ ገብቶናል።

የጭቃው ነገር ለብቻው ይጻፍ። ጭቃ ዛሬ ተቦክቶ ዛሬ አይመረግም። አፈሩ ይቆፈራል፣ ይነፋል፣ የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ይረገጣል፤ ከዚያ ጭዱ እስኪበሰብስና እስኪያያዝ ቀናት ይተኛል፣ በየመሐሉ እንደገና ውኃ እየጠጣ ይረገጣል። ያልበሰለ ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። የጎንደር ልጆች ይህንን ስለሚያውቁ እኛ ሳንደርስ በፊት ነው ያስተኙልን። ውኃው ነበር ከሁሉ የከበደው። ጎንደር ውኃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ሕዝቡ እየበዛ ሄዷል፣ ቧንቧው ሲመጣ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶች ለራሳቸው በየጀሪካኑ ካስቀመጡት ላይ እየቀነሱ ሰጡን። አንዲት እናት የሞላች ጀሪካን አምጥተው «ለልብስ ያስቀመጥኩት ነው፣ ልብስማ ለማክሰኞ ይቆያል» ብለው ጭቃው ላይ ደፉት። ስለ ልግስና ካየሁት ሁሉ ይኼ ይበልጥብኛል፤ ውኃ በጎንደር ምን እንደሆነ እዚያ የሰነበተ ሰው ያውቀዋል።

ረቡዕ ጠዋት ጭቃው ዙሪያ ቆመን ሳለ የአብነት ተማሪዎች መጡ። የኔታ ናቸው የላኳቸው። ጎንደር የአቋቋምና የትርጓሜ አገር ናት፣ ከየአገሩ ተማሪ ይመጣባታል። ደበሎ የለበሱም፣ ያደፈ ጋቢ ያጣፉም አሉ፤ አኩፋዳቸውን አጥር ላይ ሰቀሉ፣ እግራቸውን ታጠቡና ገቡ። ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይረግጡ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ አንደኛው ጾመ ድጓ አነሣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። እግራቸው በዜማው ልክ ይነሣና ይወድቃል፤ ጭቃው ሲለቃቸው የሚያሰማው ድምፅ ከዜማው ጋር ይገባል። ከአሥራ ሁለት ዓመት የማይበልጥ ልጅ መሐል ላይ ሆኖ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዜማል፤ የተማሪ ፈተና ላይ እንዳለ ሁሉ አንዲት ቃል እንዳትስትበት ይጠነቀቃል። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች መዝሙር የማይችል የለም፤ ግን ያን ጠዋት ሁላችንም ዝም ብለን ረገጥን።

ግድግዳው በሁለት ቀን ተመረገ። ሴቶች ጭቃውን በእጅ እያድቦለበሉ ይወረውራሉ፣ ማገሩ መሐል እስኪገባ በመዳፍ ይመታሉ። ከእኛ ይልቅ የሠፈሩ ሴቶች ይፈጥናሉ። ቅዳሜ፣ የሆሳዕና ዋዜማ፣ የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ። ይህ ማለት ግን ቤቱ አለቀ ማለት አይደለም። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ስንጥቁን እስኪያወጣ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዚያ ነው ሁለተኛው፣ በወንፊት የተነፋው ቀጭን ጭቃ የሚለሰነው። ያን ጊዜ እኛ የለንም። ልስኑን ሴቶቹ በደቦ እንዲሠሩት ከጅምሩ ተነጋግረን ነበር፣ ለዕለቱ ጠላና ዳቦ የሚሆን ገንዘብም ለእድሩ አስረከብኩ።

ምግቡን በተመለከተ የተደረገው ስብሰባ ረዥም ነበር። እድሩ ቤት፣ ወንበሮች የተደረደሩበት ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ከእኛ አንዱ ወንድም ማዕድ ማጋራቱ በሰሙነ ሕማማት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሰዉ በስም እየተጠራ ቢወስድ ጥሩ ነው አለ። ፎቶ ይነሣል፣ ለፖስታው ልጆች ይታያል፣ ለከርሞ ብዙ ሰው ይነሣሣል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ብዙ ቦታ የሚደረገውም እንዲሁ ነው። የእድሩ ዳኛ፣ ጡረታ የወጡ ትልቅ ሰው፣ እስከ መጨረሻ ሰሙት፦

«ልጆቼ፣ እግዜር ይስጥልን። እናንተ ነገ ትሄዳላችሁ። እነዚህ ሴቶች ግን እዚሁ ገበያ እየወጡ፣ እዚሁ ልቅሶ እየተቀመጡ የሚኖሩ ናቸው። በአደባባይ የተቀበሉትን ጤፍ ሰው አይረሳላቸውም። ልጃቸው ሲያገባ እንኳ ይነሣል። ከሰጣችሁ አይቀር ገመናቸውን ሸፍናችሁ ስጡ።»

ሌላ ክርክር አልነበረም። ግራ እጅ የማያውቀው ቀኝ እጅ የሚባለውን ስንት ጊዜ ሰምተናል፤ እሳቸው አሠራሩን ነገሩን። የእድሩ ወጣቶች ሲመሽ፣ ሁለት ሁለት ሆነው፣ ስም ሳይሆን ቁጥር በተጻፈበት ዝርዝር እያንዳንዱን ቤት ያንኳኳሉ፤ «የእድር ዕቃ ነው» ብለው ያስቀምጣሉ። እድር ዕቃ ከቤት ቤት ማዞሩ የተለመደ ስለሆነ ድስት ይሁን ጤፍ የሚጠይቅ የለም።

አንድ ነገር ግን ከእኛ ወገን መጣ፤ አብራን የነበረች ነርስ ነች ያነሣችው። እድር የሚያውቀው ወርኃዊ መዋጮ የሚከፍለውን ነው። ከጃን አሞራ ወርዶ አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ሰው የእድር አባል አይደለም፣ ዝርዝሩ ላይም የለም። እሱን ማን ያውቀዋል? ዳኛው አሰቡና አንዲት ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አስጠሩ። መንገድ ዳር የምትቀመጥ፣ ተከራዩም ጫኝ አውራጁም ጧት ጧት ቡና የሚጠጣባት ናት። ማን ከየት እንደመጣ፣ ማን ቡና መጠጣት እንዳቆመ፣ የማን ልጅ ትምህርት ቤት እንደማይሄድ ቁጭ ብላ ነገረችን። በእሷ አፍ ስድስት ቤት ተጨመረ። የነርሷን ጥያቄ ከዚህ በኋላ በምንሄድበት ሁሉ እንጠይቃለን፤ የትኛውም ማኅበር፣ የእኛን ጨምሮ፣ ከአጥሩ ውጭ የቀረ ሰው አለው።

ጤፉን ቅዳሜ ገበያ ነው የገዛነው። ለእያንዳንዱ ቤት 15 ኪሎ ጤፍ፣ ለድፎ የሚሆን 5 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 3 ሊትር ዘይት፣ ምስር ክክ፣ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ጨውና ሳሙና። ለበዓሉ አንድ ደርዘን እንቁላልና ለዶሮ መግዣ የሚሆን ገንዘብ በፖስታ። ያው የእኛው ፖስታ ነው፣ ባዶውን ይዘነው ሄደን ነበር። የዶሮውን ገንዘብ የጨመሩት የጎንደር ሴቶች ናቸው። ሰው ፋሲካን በምስር ከዋለ ጾሙ አልተፈታለትም ብለው ተከራከሩ፤ እውነታቸውን ነው።

ያደልነው ከሰሞነ ሕማማቱ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ ነው። እኔ አንድ ምሽት አብሬ ዞርኩ፣ ዝርዝሩን ለማመሳከር። በግንብ የታጠረ፣ የብረት በር ያለው ቤት ስንደርስ ቁጥሩ የተሳሳተ መስሎኝ ቆምኩ። የእድሩ ልጅ «ነው፣ እዚህ ነው» አለኝ። ባልየው የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ መንገዱ ሲዘጋ መኪናው ቆሟል፣ ደመወዙም አብሮ። በር የከፈተችው ሴት ማዳበሪያውን አየች፣ እኛን አየች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሳበች። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኛም አልተናገርንም። በሕማማት ሰላምታ መሳሳም የለም፤ ያን ምሽት ደግ ሥርዓት ነው ብዬ አሰብኩ። በማግስቱ ማዳበሪያው ታጥቦ፣ ተጣጥፎ እድሩ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ተገኘ።

ስለዚህ ፎቶ የላችሁም ወይ ለምትሉኝ፣ የቤቱ አለን፤ ምሰሶው ሲቆም፣ ጭቃው ሲረገጥ፣ ጣሪያው ሲመታ። ምግብ የተቀበለ ሰው ፊት ግን የለንም፣ አይኖረንምም። የፖስታው ልጆች የሚያዩት ደረሰኝ ነው። እያንዳንዱን አዘጋጅቼዋለሁ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል።

ለአብነት ተማሪዎቹ ምን እንውሰድ ስንል የኔታን ጠየቅን። ገብስና ሽሮ ይላሉ ብለን ነበር፤ እሱንም አሉ። ግን መጀመሪያ የጠሩት ሳሙና ነው። ተማሪዎቹ በየጠባቡ ጎጆ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ እከክ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዛመታል፤ ጣታቸው መሐል እየነደደ እንቅልፍ አጥተው ሌሊት ትምህርታቸውን ይቀጽላሉ። ነርሷ አንድ ከሰዓት በኋላ አያቸው። ሁሉም በአንድ ቀን ካልተቀቡና የሚለብሱት የሚተኙበትም አብሮ ካልታጠበ፣ አንዱ ሲድን ሌላው እንደሚያስይዘው ለየኔታ አስረዳች። ቅባቱን ገዛን፣ ልብስና ቁርበቱን ሁሉ በአንድ ቀን አጥበን ፀሐይ ላይ አሰጣነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጃፉ የሚቆም ልጅ ከቁራሽ እንጀራ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው እኔ አስቤ አላውቅም ነበር።

ዓርብ ስቅለትን ስንሰግድ ውለን፣ ቅዳሜ ካህናቱ ቀጤማ ይዘው ሠፈሩን ዞሩ። ወደ እማሆይ አዲስ ቤትም ገቡ፤ ግድግዳው ገና እርጥብ ነው፣ ወለሉ አፈር ነው፣ እማሆይ ግን ቄጠማውን ከራሳቸው ፈትተው በሩ ጉበን ላይ አሰሩት። ሚያዝያ 12፣ ሌሊት ከቅዳሴ ስንመለስ እድሩ ቤት ገበታ ተዘርግቶ ጠበቀን። አናጺውም፣ የውኃዋ እናትም፣ ቡና ሻጯም፣ ጭቃ ረጋጮቹ ተማሪዎችም ነበሩ። እማሆይ መሐላችን ተቀምጠው እንቁላል እየላጡ ያድሉን ነበር። «ቤታችሁን የአብርሃም የሳራ ቤት ያድርግላችሁ» አሉን፤ አብዛኞቻችን ገና ቤት የሌለን፣ ተከራይ ነን፣ አሜን ያልነው ግን ከልባችን ነው።

ከተመለስን በኋላ በየጊዜው ይደውሉልኛል። ልስኑ ግንቦት ላይ በደቦ ተሠርቷል። የሰኔው ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው በአንድ ሚስማር ቀዳዳ አንጠባጥቦ ነበር፣ አናጺው ወጥቶ በሬንጅ ደፍኖታል። የልጅ ልጃቸው ጓዳዋ ጭስ አያስወጣም ብላ ለጭስ መውጫ ቀዳዳ አስከፍታለች። ለከርሞ እድሩ የጠየቀን ቤት ሳይሆን የጣሪያ ውኃ የሚጠራቀምበት ሮቶና ሁለት መጸዳጃ ቤት ነው፤ ዋጋውን ከጎንደር ነጋዴዎች እያጠያየቅን ነው። ከዘንድሮው የተረፈው 6,400 ብር በእድሩ መዝገብ ላይ ለእማሆይ ጎረቤት ጣሪያ ተይዟል።